በኮላ የተጣበቀው ገጽ

አንድ ሰው ነበረ። የገጠር አስተማሪ። ሃያ ሁለት ዓመት ጠመኔ ይዞ የቆመ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው። ሰርተፊኬትህ አይበቃም፣ ዲፕሎማ አምጣ ተባለና ክረምቱን ኮሌጅ ገባ። ልጆቹ ሲያርፉ እሱ ተማሪ ሆነ ማለት ነው።

ኮሌጁ ውስጥ የጽሕፈት ትምህርት የሚሰጠው ናሁሰናይ የሚባል ወጣት ነው። ሁለት ዲግሪ አለው፤ ዕድሜው ግን ሠላሳ አልሞላም። ሽበታሙን ሰውዬ «አንተ» ነው የሚለው። «አንተ የክረምቱ፣ ወደ ፊት ጠጋ በል።» ሰውየው ጋሽ መንበሩ ይባላል፤ በመንደሩ ሲያልፍ ሽማግሌ ከመቀመጫው ይነሣለታል። እዚህ ግን «የክረምቱ» ሆነ። ዋጠው። ምን ያድርግ? ነጥቡ ያለው በልጁ እጅ ነው።

አንድ ቀን ናሁሰናይ «የማትረሱትን ተማሪ ጻፉልኝ፤ አራት ገጽ» ብሎ አዘዘ።

ጋሽ መንበሩ ለማሰብ አልተቸገረም። አትጠገብ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበረችው። የጻፈችውን በክፍሉ ፊት ያስነብባታል፤ «ይቺ ልጅ አንድ ቀን እኔኑ ታስተምረኛለች» ይላል። ከፋሲካ በኋላ ቀረች። ቢጠይቅ ተዳረች አሉት። ልቡን ያቆሰለው ግን ይህ ነው፦ ስትሄድ አንዲት ቃል አልነገረችውም።

ይህን ለማንም ሳያወራ ይዞት ከርሟል። አሁን ጻፈው። ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ አለ፦ «ብትነግረኝ ኖሮ አባቷ እግር ላይ እወድቅ ነበር። ለምን ደበቀችኝ? እስከ ዛሬ አልገባኝም።» ሲጽፍ እንባው መጣ።

ምን ፈልጎ ነው የጻፈው? አንድ ሰው እንዲያነብለት። በቃ፣ ሌላ ምንም አልፈለገም።

በመኝታ ክፍሉ አብሮት የሚያድረው አንሙት፣ እሱም ለክረምት የመጣ አስተማሪ ነው፣ እንባውን አይቶ ሳቀበት።

«ጋሼ፣ ለማን ነው የሚያለቅሱት? ናሁሰናይ እኮ አያነብም። በእጁ መዝኖ ነው የሚያርም።»

«ወግድ። የኮሌጅ መምህር ሆኖ?»

«ካላመኑኝ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ገጽ ከዳሩ በኮላ ያጣብቋቸው። ካነበበ ይላቀቃሉ። ካላነበበ ያኔ እንነጋገራለን።»

ጋሽ መንበሩ ስንዝር ታህል ኮላ ቀባ። ናሁሰናይን ሊያጋልጥ አይደለም። አንሙት ሲያፍር ለማየት ነበር።

በሳምንቱ ወረቀቱ ተመለሰ። በቀይ እስክሪብቶ «68። ፍሰቱ ጥሩ ነው። ስሜት ይጎድለዋል» ይላል። ገለጠው። ገጾቹ እንደተጣበቁ ናቸው።

ስሜት ይጎድለዋል አለው። ሰማችሁ? እንባ የነካውን ወረቀት ሳይገልጥ ስሜት ይጎድለዋል አለው።

ጋሽ መንበሩ ክፍል ውስጥ ተነሣ።

«መምህር፣ ሦስተኛውን ገጽ አንብበውታል?»

«እንዴታ። ምን ሆንክ አንተ ደግሞ?»

ጋሽ መንበሩ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ገጾቹን ላቀቃቸው። ወረቀቱ ጭርር አለ። ከኋላ አንሙት ሳቁን አፈነ።

ናሁሰናይ ግን አላፈረም። ሰው እንዴት አያፍርም? ጭራሽ ፈገግ አለ። «መቶ አርባ ናችሁ» አለ። «የሁላችሁን አራት አራት ገጽ አንብቤ መቼ ልጨርስ ነው? የመጀመሪያውን አንቀጽ ሳይ የሰውየው ልክ ይገባኛል።» ከዚያ አገጩን ወደ ጋሽ መንበሩ ቀስሮ፣ «ለመሆኑ አንተ የልጆችህን ሁሉ ታነባለህ?» አለው።

«እያንዳንዷን ፊደል» አለ ጋሽ መንበሩ።

ጎሽ፣ አላላችሁም? እኔም ብያለሁ። እዚህ ላይ ብናቆመው ሁላችንም ደስ ይለናል። የተማረው ተጋለጠ፣ የተናቀው ቀና አለ፤ አሜን ብለን ወደየቤታችን። ደግሞ እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ደብተሩ ፊቱ ላይ የተወረወረበት ስንት አለ? የጻፈው ሳይነበብ «አንተ አትሆንም» የተባለ ስንት አለ? እንዲህ ያደረጉብንን ሰዎች ስም እስከ ዛሬ ይዘናል። የለበሱትን ኮት ሳይቀር እናስታውሳለን።

ታሪኩ ግን አላለቀም፣ ወገኖቼ።

መስከረም ጠባ። ጋሽ መንበሩ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ። አስተማሪዎቹ በተሰበሰቡበት የአትጠገብን ጉብዝናና የኮላውን ነገር አወራ፤ ጭርር የሚለውን ድምፅ በአፉ ሳይቀር እያሰማ። ተሳቀ፣ ተጨበጨበ።

«ልጅቱ ግን እውነት እርስዎ እንደሚሉት ጎበዝ ናት?» አለችው አዲሷ የሒሳብ መምህርት።

«ልታዪ ነው» አለና ተነሣ። ስትቀር ጥላው የሄደችው የድርሰት ደብተሯ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነበረ። አቧራውን አራገፈ። የመጨረሻዋን ድርሰት አወጣ። ርእሱን የሰጠው እሱ ራሱ ነው፤ «ፋሲካ በቤታችን»። ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ።

«ዘንድሮ በቤታችን ሁለት ድግስ አለ። አንደኛው የፋሲካ ነው። ሁለተኛው የእኔ ሰርግ ነው።»

ደብተሩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ይቀጥሉ እንጂ» አለች መምህርቷ።

ቀጠለ። «ጋሼ፣ እኔ መማር ነው የምፈልገው። ለሌላ ሰው አልተናገርኩም። እርስዎ እንደሚያነቡት ስለማውቅ እዚህ ጻፍኩት። አባቴ እርስዎን ያከብራል። አንድ ቀን መጥተው ቢነግሩት ይተወዋል።»

ከታች ቀይ እስክሪብቶ አለ። «9/10። የእጅ ጽሕፈትሽ ያምራል። ታይቷል።» ከዚያ ፊርማ። የማን ፊርማ? የጋሽ መንበሩ ፊርማ። ቀኑ መጋቢት ሃያ አንድ ነው፤ ሰርጉ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው።

ኮላ የለውም፣ ወገኖቼ። ማንም አላጣበቀውም። የተከፈተ ገጽ ነበር።

ጋሽ መንበሩ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወጣ። በማግስቱ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ ሄዶ አገኛት። ጤፍ ስታርም ነበር፤ ሆዷ ገፍቷል። ስታየው እንደ ክፍል ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አትጠገብ» አላት፤ «የጻፍሽልኝን ገና ትናንት ነው ያነበብኩት።»

ያልገባት መሰለች። ደብተሩን አየች፣ እሱን አየች።

«ፈርመውበት ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ታይቷል ብለው። እኔ አይተው ከአባቴ ጋር የተስማሙ መስሎኝ ነው ዝም ብዬ የሄድኩት።»

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እሱ ሙሉ ክረምት ደበቀችኝ ብሎ አለቀሰ። እሷ ደግሞ እያወቀ ጣለኝ ብላ አገባች።

እናንተስ? ያልተነበበውን ገጻችሁን ይዛችሁ ስንት ዓመታችሁ ነው? አሰሪው፣ መምህሩ፣ ታላቅ ወንድማችሁ አላነበበላችሁም። እውነት ነው፣ አላነበበም። ግን ሚስትህ ባለፈው ሳምንት የነገረችህ ምን ነበር? «እሺ» ብለሃታል። «እሺ» ፊርማ ነው። ልጅሽ ከትምህርት ቤት መጥቶ ጉልበትሽን ይዞ የነገረሽስ? «ጎበዝ» ብለሽዋል። እናትህ ደውላ ሁለት ጊዜ የደጋገመችው ነገርስ? «ገባኝ እማዬ፣ ገባኝ» ብለህ ዘግተሃል።

እነሱ አላየም አይሉም። አይቶ ዝም አለ ነው የሚሉት። ለዚህ ነው ዳግመኛ የማይጠይቁት።

ጠዋት ማታ «አቤቱ ጸሎታችንን ስማ» እንላለን። እሱ በመጀመሪያው አንቀጽ ልካችንን ለክቶ ቢያልፈን የት እንገባ ነበር?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የናሁሰናይን ስም አታንሱ። ተቀመጡና የፈረማችሁበትን ግለጡ። ምናልባት ሰርጉ ገና ይሆናል።