የእትዬ አስካለ የንፍሮ ሳህን

ጅማ ውስጥ ከእኛ የቶርኖ ክበብ ጋር አንድ ቅዳሜ ያሳለፈ ሰው አንዲት አባባል ሳይሰማ አይወጣም። አሁንማ ከክበቡ አጥር ወጥታ ሽማግሌ ሲቀመጥም፣ እጮኛ ሲመረጥም ትነገራለች። የሚናገሯት ሰዎች ግን ከየት እንደመጣች አያውቁም። እኔ ስትወለድ እዚያው ነበርኩና ልንገራችሁ፤ የመጣችው ከሐዘን ቤት ነው።

ክበብ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በጋሽ እንዳለ ጓሮ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። መሃሏ ላይ እንጨት የምታሽከረክር አሮጌ ማሽን፣ ቶርኖ የምንላት፣ ተተክላለች። በተራ እንቆምና በመሮ እየላጥን ሳህን፣ ሙቀጫ፣ የሻማ ማስቀመጫ እናወጣለን። ነርስ አለች፣ ሹፌር አለ፣ የግብር ሠራተኛ አለ፤ በእንጨት እንጀራ የሚበላ ግን አንድም የለንም። ሚስቶቻችን “ሰጋቱራ ተሸክመው የሚመጡ ሥራ ፈቶች” ይሉናል። ሁላችንንም ያስተማሩን ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ እንዳለ ናቸው።

አንድ ክረምት የክበባችን አባል የነበሩት ጋሽ ደምሴ አረፉ። በዚያው ሰሞን ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣና በግቢያቸው የነበረውን ዋንዛ ጣለው። ጋሽ ደምሴ በሠርጋቸው ዓመት የተከሉት ዛፍ ነበር። ጎረቤት ለማገዶ ሲካፈለው ባለቤታቸው እትዬ አስካለ አንዲት ጉማጅ ብቻ አስቀሩና ከል እንደለበሱ ሰው አሸክመው ወደ ክበቡ መጡ።

“ለአርባው ንፍሮ የማቀርብበት ሳህን ሥሩልኝ” አሉ። “ከእሱ እጅ የቀረኝ ይኸው ነው።”

ጋሽ እንዳለ ጉማጁን አንሥተው መዘኑት። ከባድ ነው፤ ውኃው ገና አልወጣም።

“አስካለ፣ ይህ እንጨት ዛሬ አይነካም። ጫፍና ጫፉን ሰም ቀብተን ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ጥላ ውስጥ እናስቀምጠው። ለሙት ዓመቱ አሳምረን እንሠራልሻለን።”

“ለሙት ዓመቱ? እኔ እስከዚያ መኖሬን በምን አውቄ!”

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። አፉን የከፈተው ውብሸት ነው። ውብሸት ፋርማሲስት ነው፤ መድኃኒት ቤቱን ዘግቶ እንኳ ሰው ከመጣበት መልሶ የሚከፍት፣ በሰው ፊት እምቢ ማለት የማይሆንለት ደግ ሰው።

“እሺ እትዬ፣ ለአርባው ይደርሳል። እኔ እሠራልዎታለሁ።”

መረቁት። ጋሽ እንዳለ “ውብሸት…” ብለው ጀመሩና የእትዬ አስካለን ፊት አይተው ተዉት።

ሲሠራው አጠገቡ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ቀናሁበት። እርጥቡ ዋንዛ እንደ ሎሚ ልጣጭ ሳይበጠስ እየተጠቀለለ ይወርድለታል፤ መሮው አንዴም አልያዘበትም። የግንዱ ልብ በሳህኑ መሃል ክብ ሆኖ ወጣ፤ ለእኛ ጌጥ መሰለን። በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ቶሎ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ አሰጣው።

የአርባው ዕለት ድንኳኑ ሞልቷል። እትዬ አስካለ ሳህኑን ለቀረባቸው ሁሉ “ደምሴ የተከለው ነው” እያሉ ያሳያሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ፊታቸው ፈካ ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ትኩሱ ንፍሮ ተገለበጠበትና ይዘውት ወደ ካህናቱ ሄዱ። ሳያስቀምጡት ጧ! አለ። በልቡ በኩል ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ስንዴውና ሽምብራው መሬት ላይ ተበተነ።

እትዬ አስካለ አልጮሁም። ቁጭ ብለው ንፍሮውን ይለቅሙ ጀመር።

“ደምሴም እንዲሁ ነው ያደረገኝ” አሉ፤ “ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እያለ።”

ከዚያ በኋላ ነው እንደ ቀብሩ ዕለት ያለቀሱት። እኛም አብረን አለቀስን። የሚተካው እንጨት አልነበረም፤ የቀረው ዋንዛ በየጎረቤቱ ምድጃ ገብቷል።

ውብሸትን ከድንኳኑ ጀርባ አገኘነው። ሁለቱን ስባሪ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይገጥማቸዋል፣ መልሶ ይለያያቸዋል።

“ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር” አለ። “ጋሼ፣ እኔ እኮ ላጽናናቸው ብዬ ነው። እንጨቱም አንዴ እንኳ አላስቸገረኝም፤ ያልኩትን ሁሉ ሲሆንልኝ ነበር።”

ጋሽ እንዳለ አጠገቡ ተቀመጡ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ እንዲያውም እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። ስባሪውን ተቀብለው ስንጥቁን በጣታቸው ዳበሱና፣ “ልጄ” አሉት፣ “እርጥብ እንጨት ለመሮ እሺ፣ ለዘመን እምቢ።”