ያልተስተካከለ ፎቶ

ስሙን አልነግራችሁም፤ ስሙ ምን ያደርግላችኋል? ብቻ አንድ ፎቶ አንሺ ነበር በሉ። እንጀራው ሠርግ ነው። ሙሽራዋ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ካላት፣ በእሱ ፎቶ ላይ ጠባሳው የለም። ሙሽራው እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ከቀላ፣ በእሱ ፎቶ ላይ ዓይኑ ወተት ነው። ቀለበቱ ጣቷን ካስጨነቃት ጣቷን ያቀጥንላታል። ሰዎች ፎቶ ቶሎ ስጠን ብለው ሲያስቸግሩት መልሱ አንድ ነው፤ «ያልተስተካከለ ፎቶ ከእጄ አይወጣም።»

ሰዎችም ይወዱት ነበር። ለምን አይወዱት? እንዲያ አምሮ መታየት የማይፈልግ ማን አለ?

ይህ ሰው ግን ሙሽራና አበባ ሰልችቶት፣ «ፈገግ በል» የማይሉትን ፍጥረት ለማንሳት ሲመኝ ኖረ። ምኞቱም ደረሰ። ጎሪላዎችን የሚጠብቅ አንድ ማኅበር፣ «ለቀን መቁጠሪያችን ፎቶ አንሳልን» ብሎ ወደ ዩጋንዳ ጠራው።

ደኑ እጅ ቢዘረጉበት መዳፍን የሚውጥ ነው። ሳማው በሱሪ ዘልቆ ይለበልባል፤ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ከፊት ከፊት ሐረጉን በገጀራ እየመነጠረ የሚመራው ቱሙሲሜ የሚባል ጠባቂ ነው፤ ያንን የጎሪላ ቤተሰብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተከተለ ሽማግሌ። የሁለቱም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው፤ ግን ይግባባሉ። ፎቶ አንሺው «ጋሼ» እያለ ይጠራዋል፤ ትርጉሙን ሲነግረው ሽማግሌው ከት ብሎ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ገና ነን?»

«ሠርግ ቤት ስትሄድም እንዲህ ነው የምትቸኩለው? ሙሽሮቹ ቁርስ እየበሉ ነው።»

ከዚያ ቱሙሲሜ ቆመ። ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ሁለት ጊዜ ወፍራም ድምፅ አሰማ። ለጎሪላዎቹ «እኛ ነን፣ አትደንግጡ» ማለቱ ነው። ከቅጠሉ ውስጥ ያው ድምፅ ተመለሰለት።

የተፈቀደላቸው አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። ጀርባው የሸበተው አውራ እንደ ዳኛ ተቀምጧል። እናቲቱ ከኋላው ናት። ደረቷ ሥር ደግሞ አንዲት ትንሽ ጎሪላ ተሸጉጣለች።

ቱሙሲሜ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ወንድሜ፣ ያቺ ትንሿ ታማለች። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ዛፍ አትወጣም፤ ወደኋላ ትቀራለች። እግሯ ይሁን፣ እጇ ይሁን፣ ሆዷ ይሁን አላወቅንም። እናቷ ትሸፍናታለች፤ ቅጠሉ ይሸፍናታል። የማኅበሩ የእንስሳት ሐኪም ትንሿ ምን እንደሆነች ሳታይ ማደንዘዣ አትተኩስም፤ በዘመዶቿ መሀል ማደንዘዝ እኮ ሊገድላት ይችላል። ያንተ ካሜራ ከእኛ ዓይን ይሻላል። ያነሳሃትን ሁሉ ስጠን።»

«እሺ ጋሼ፣ በደስታ» አለ። ከልቡ ነው ያለው።

ማታውኑ ቱሙሲሜ መጥቶ ጠየቀው። «አስተካክዬ እልካለሁ፣ ጋሼ» አለው።

«ምኑን ነው የምታስተካክለው?»

«ጥቂት ነገር ነው፤ ብርሃኑን… እንዲህ ጥሬውን ለሰው አይሰጥም።»

ሽማግሌው የሙያው ወግ መሰለውና ተሰናብቶት ሄደ።

ሰውየው አገሩ ገባ። ላፕቶፑን ከፈተ። ከሦስት መቶ አርባው ፎቶ ትንሿ ጎልታ የታየችባቸውን ስድስቱን መረጠና ሥራ ጀመረ። ፊቷ ላይ የተጋደመውን ቅጠል አነሳ። ጭራሮውን አነሳ። በጸጉሯ ላይ የሚያብረቀርቀውን ሣር አንድ በአንድ አነሳ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንድ ሳምንት።

ሚስቱ ምንታምር ከኋላው ቆማ አየችው። «አንተ፣ ጎሪላዋን ልትድራት ነው እንዴ?»

«ተይኝ እስቲ፤ ሊያልቅ ነው።»

«ሰዎቹ የጠየቁህ ምን እንደሚያማት አይደለም? ውበቷን ማን ጠየቀህ?»

«እንዲህ ተዝረክርኮ ቢያዩት ምን ይሉኛል?»

ምን ይሉኛል! ይቺን ቃል ታውቋታላችሁ አይደል?

በአሥራ አንደኛው ቀን ላከው። ማኅበሩ አመሰገነው። ሐኪሟም አየችው፤ አጉልታ አየችው። «በአካሏ ላይ ምንም ቁስል አይታይም፤ ባንነካት ይሻላል» አለች። በቀረበላት ፎቶ ፈረደች፤ ምን ታድርግ?

ሦስት ሳምንት አለፈ። ከቱሙሲሜ የድምፅ መልእክት መጣ። ሰውየው ካፌ ተቀምጦ ከፈተው።

«ወንድሜ፣ ያቺ ትንሿ ሞተች። እናቷ ሦስት ቀን ተሸክማት ዞረች። ዛሬ አስቀመጠቻት። ስንደርስ ቀኝ እጇ ላይ ሽቦ አገኘን፤ ለሚዳቋ የሚጠመድ ሽቦ ነው። ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። በፎቶህ ላይ ግን እጇ ደህና ነበር። ምናልባት ከዚያ በኋላ ይሆን የያዛት? አልገባንም።»

ሂሳቡን ሳይከፍል ተነስቶ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ያልተነካውን ፎቶ ፈለገ። አጎላው። ያ ሣር ነው ብሎ ያጠፋው የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር የእጇን አንጓ ሁለት ዙር ዞሮታል። ጫፉም ተጠምዝዟል። ሣር ይጠመዘዛል እንዴ? ከመስመሩ በታች ጣቶቿ አብጠዋል። በተስተካከለው ፎቶ ላይ ግን ጣቶቿ ቀጭን ናቸው። መቼ እንዳቀጠናቸው እንኳ ትዝ አይለውም። እጁ ለምዶ፣ እንደ ሙሽራ ጣት፣ ሳያስብ አቅጥኗቸዋል።

ለቱሙሲሜ ደወለ።

«ጋሼ፣ ሽቦው ነበረ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሣር መስሎኝ ነው።»



«ሣርስ ቢሆን» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ፣ «ሣሩን አጥፋው ማን አለህ? እሷ በሣር ውስጥ ነበረች እኮ።»

ሽማግሌውም ቀጠለ።

«ያልተነካውን ላክልኝ። ሁሉንም፣ ሦስት መቶ አርባውንም።»

«አሁን ምን ይሠራል ጋሼ? ሞታለች።»

«እናቷ አለች። ሌሎችም አሉ። እስቲ ሌላ ያላየነው ካለ እንይ።»

ላከ። ትንሿ ያለችበት የቀን መቁጠሪያ ግን ቀድሞ ታትሞ ነበር። በየቢሮው ተሰቅሏል። ገብተው የሚያዩ ሰዎች «ስታምር!» ይላሉ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ዛሬ ጠዋት ተጣጥባችሁ፣ ተበጥራችሁ፣ ነጭ ለብሳችሁ እዚህ ስትገቡ በሩ ላይ «እንዴት ሰነበታችሁ?» ተብላችኋል። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላችኋል። ማመስገኑስ መልካም ነው። ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ ሽቦ የዞረበትን እጅ በነጠላ ሸፍናችሁ የተቀመጣችሁ?

አንቺ፣ ከባልሽ ጋር ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳትነጋገሪ አብረሽው መጥተሽ አጠገቡ የተቀመጥሽ። አንተ፣ መጠጥ እየጨረሰህ «ትንሽ ጉንፋን ነው» የምትል። ሊረዷችሁ የሚችሉ ሰዎች አሉ፤ ግን ያቀረባችሁላቸው ምስል ንጹሕ ነው። በቀረበላቸው ምስል ይፈርዳሉ፤ «ደህና ናቸው፣ ባንነካቸው ይሻላል» ብለው ያልፋሉ። ምን ያድርጉ?

እናንተ ወላጆችስ? ልጃችሁ ወደኋላ መቅረት ስትጀምር፣ ምግብ ሲያስጠላት፣ ሰው ስትሸሽ፣ «የእኛ ልጅ ጨዋ ናት፣ ዓይን አፋር ናት» እያላችሁ ለጎረቤት የምታሳምሩት ምንድን ነው? ሣር መሆኑን በምን አወቃችሁ? ጠጋ ብላችሁ አይታችኋል?

በጸሎትስ? ፈጣሪ ፊት ቆመን ቃል እንመርጣለን፤ እንባችንን እንኳ አስተካክለን ነው የምናፈሰው።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ሰው ፈልጉ። አንድ ብቻ። ቁጭ በሉና ያልተነካውን አሳዩት። ያስቀይማል፣ አውቃለሁ። ይዝረከረካል፣ አውቃለሁ። እስኪያምር ድረስ ግን አትጠብቁ፤ ሥጋ ውስጥ የገባ ሽቦ አሥራ አንድ ቀን አይታገሥም።