አናጺው፣ የምስማር ጣሳውና የጉዞ ኢንሹራንሱ

አንድ አናጺ ነበሩ፣ ደሴ ውስጥ፣ ጋሽ አጥናፉ የሚባሉ። ስለ ኢንሹራንስ ጠይቄህ አናጺ ምን አመጣው እንዳትለኝ። «ለእናቴ ርካሹን የጉዞ ኢንሹራንስ ንገረኝ፣ ለቪዛ ብቻ ነው» ብለህ ስትጽፍልኝ ደሜ ፈላ። በጽሑፍ ብመልስልህ እሰድብህ ነበር። ስለዚህ በድምፅ ልንገርህ፤ እስከ መጨረሻው ስማው፣ ከዛ ለፈለግከው ላክለት።

ጋሽ አጥናፉ በአንድ ነገር ይታወቃሉ። ሌላው አናጺ እንጨቱ ሲሰነጠቅበት በእስቱኮ ይደፍነዋል፣ ቀለም ይቀባበታል፣ ያስረክባል። ክረምት ሲገባ ስንጥቁ ብቅ ይላል፤ ያኔ አናጺው ስልክ አያነሣም። እሳቸው ግን እስቱኮ የሚባል ነገር ቤታቸው አይገባም። ባለቤቱን ጠርተው ጣቱን ይይዙና ስንጥቁ ላይ ያሳርፉታል። «እዚህ ጋ ስንጥቅ አለ። ከባድ ነገር በዚህ በኩል አትጫንበት፣ ዕድሜህን ሙሉ ያገለግልሃል» ይሉታል። ሰፈሩ «ጋሽ አጥናፉ የራሳቸውን ዕቃ ራሳቸው ያማሉ» እያለ ይስቅባቸዋል። በር የሚያሠራው ግን እሳቸው ጋ ነው።

ሴት ልጃቸው ፀዳለ ለትምህርት ሃንጋሪ ሄዳ እዛው ሥራ ይዛለች። ሰባት ዓመት አልተያዩም፤ እናትየው በመሀል አርፈዋል። እና አንድ ቀን ደወለች፣ «ላገባ ነው አባዬ፣ አንተ ካልመጣህ ግን አላገባም» አለች። ሰውዬው ያንኑ ሳምንት ሱፍ አሰፉ። እንጨት እየላጉ መሀል ላይ ይተውትና ሱፉን ገብተው አይተው ይመለሳሉ።

አንድ ነገር ግን ደብቀዋል። ካቻምና ደረታቸውን ጨምድዶ ይዟቸው ብቻቸውን ሐኪም ቤት ሄደው ነበር። ልብ ነው ተባሉ፣ ኪኒን ታዘዘላቸው። ኪኒኑን የት እንደሚያስቀምጡት ታውቃለህ? የሥራ ቦታቸው፣ የምስማር ጣሳ ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ምስማሮች ሥር። እዛ እጁን የሚከት ሰው የለም። ልጄ ከሰማች «አትምጣ» ትለኛለች ብለው ነው። ሞትን አይደለም የፈሩት፤ ከሠርጉ መቅረትን ነው።

ለቪዛው የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል ተባለ። ወንዱ ልጃቸው ይልቃል አባቱን ይዞ ወደ አንድ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄደ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ይልቃል ማለት ልክ እንዳንተ ነው። ገና ሳይቀመጥ «እህቴ፣ ርካሹን ስጪን፣ ለቪዛ ነው፣ ማንም አያነበውም» አላት ሠራተኛዋን።

ረድኤት ትባላለች ልጅቷ። «እሺ ወንድሜ፣ ተጓዡ ግን እሳቸው ናቸው አይደል? እሳቸውን ልጠይቅ» አለችው። ፎርሙን ወደ ራሷ ሳበችና «ጋሽዬ፣ የቆየ ሕመም አለብዎት? ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ልብ?» አለቻቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ይሄን መልስ ታውቀዋለህ። እኛ ሀገር ሰው ግሉኮስ ተሰክቶለት አልጋ ላይ ተኝቶ «እንዴት ነህ» ሲሉት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። ይባል፣ ምስጋና ነው። ግን ፎርም ላይ ምስጋና አይሞላም እኮ። እኔን የሚያሳብደኝ ይሄ ነው።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አላነሣችም። ይልቃል ቸኮለ። «ደህና ነኝ አሉሽ እኮ። ጻፊው በቃ።»

«እጽፈዋለሁ» አለች። ዓይኗ ግን ሽማግሌው ላይ ነው። «ጋሽ አጥናፉ፣ አላወቁኝም። የእናቴን ቁም ሣጥን እርስዎ ነዎት የሠሩት። ያኔ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ስላልነበረች የኔን ጣት ይዘው ስንጥቁ ላይ አሳረፉት። ‹ለእናትሽ ንገሪያት፣ በዚህ በኩል ብርድ ልብስ እንዳትከምር› አሉኝ።»

«ዋንዛው» አሉ ጋሽ አጥናፉ። «ግራ በሩ ላይ ነበር ስንጥቁ።»

«ግራ በሩ ላይ። እስከ ዛሬ በዛ በኩል ብርድ ልብስ አንከምርም፤ ሣጥኑም ቆሟል። አሁን ደረጃውን ሲወጡ ሁለቴ ቆመው ሲያርፉ በመስታወቱ አይቼዎታለሁ።» እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው። «እንግዲህ ዛሬ ጣቴን የት ላሳርፍ?»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዛ የገዛ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እዚህ ጋ» አሉ።

ይልቃል ቱግ አለ። «ከመቼ ጀምሮ? ለምን አትነግረኝም? እኔ ምንህ ነኝ አባዬ?» ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እሱ ሲፈራ ነው የሚቆጣው፤ እኔም እንደሱው ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

«ብነግርህ ለእህትህ ትነግራታለህ» አሉት። «እሷ ደግሞ አትምጣ ትለኛለች። እናቷ የለችም። እኔም ከቀረሁ ማን አለኝ ብላ ትቁም?»

ይልቃል ወንበሩን ወደ አባቱ አስጠግቶ ተቀመጠ፣ በቃ።

ረድኤት ሁለት ወረቀት አወጣች። «ርካሹ ይሄ ነው። ለቪዛው ይበቃል፣ አልዋሽዎትም። ግን ከጉዞው በፊት የነበረ ሕመም ቢነሣብዎት አይሸፍንም። ደህና ነኝ ብለው ፈርመው፣ እዛ ልብዎ ቢያምዎት፣ ወረቀቱ ጥሎዎት ይሄዳል። ይሄኛው ይወደዳል፣ የሐኪም ማስረጃም ይጠይቃል። ልብዎ ድንገት ቢነሣብዎት ግን አብሮዎት ይቆማል።»

«ስንጥቅ ያለበትን ይቀበላሉ?»

«ከነገሩን፣ ከነስንጥቁ።»

ሐኪሙ ጋ ሄዱ። ሐኪሙ መረመራቸውና መጓዝ እንደሚችሉ ጻፈላቸው፦ ከባድ እንዳያነሡ፣ ደረጃ ቀስ ብለው እንዲወጡ፣ ኪኒኑን ሰዓቱን ጠብቀው እንዲውጡ። ከሐኪሙ በር ላይ ሆነው ለፀዳለ ደወሉ። ሁሉንም ነገሯት። ማልቀሷ ተሰማ። ጋሽ አጥናፉ ስልኩን ይዘው «አትምጣ» እስክትላቸው ጠበቁ።

አላለችም። «የኔ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም» አለች። «እስክትመጣ ምድር ላይ ያለ ቤት አፈላልጋለሁ።»

ሄዱ። ውዱን ገዝተው ነው የሄዱት። አሁን እዛ ታመሙና ወረቀቱ አዳናቸው እንድልህ እየጠበቅክ ነው አይደል? ምንም አልሆኑም። ልጃቸውን ድረው፣ ወፍረው፣ ወረቀቱን ከፖስታው ሳያወጡት ተመለሱ። ይልቃል ኤርፖርት ላይ አቅፏቸው ሲያበቃ፣ የሱ ነገር፣ «ያን ውዱን በከንቱ ገዛን እኮ» አላቸው።

ጋሽ አጥናፉ ሳቁ። «በከንቱ? ሠርጉ ላይ ሙዚቃው ሲሞቅ ጃኬቴን አውልቄ እስክስታ ልወርድ ስል እህትህ መጣች። ‹ቀስ አባዬ› ብላ እጄን ያዘችና እንደኔ እርምጃ አብራኝ ወረደች፤ ሙሽራዋ፣ ሁሉ ሰው እያያት። ከዛ ከእቅፍ አበባዋ ውስጥ ኪኒኔን አወጣች። ሰዓቱን እኔ ረስቼው ነበር፣ እሷ አልረሳችውም። ወረቀቱን በዝምታ ገዝተነው ቢሆን ማን እጄን ይይዘኝ ነበር?»

ጣሳው አሁንም የሥራ ቦታቸው አለ። ምስማር ብቻ ነው ያለበት።

የዚህ ታሪክ ትምህርቱ ይሄ ነው፦ ጥሩ ኢንሹራንስ ከቢሮ አይጀምርም፣ የምትወደውን ሰው ደግመህ ከመጠየቅ ነው የሚጀምረው። በስንጥቅ ምክንያት የወደቀ ቤት ካለ፣ ስንጥቁ ስለተደበቀ ነው። ወላጆቻችን ስለሚወዱን ይደብቁናል፤ እኛ ደግሞ ስለምንቸኩል እናምናቸዋለን። ርካሹን የምንመርጠው ከገንዘብ በፊት በጥያቄ ሰስተን ነው።

ስለዚህ የትኛው ይረክሳል የሚለውን ለዛሬ ተወው። ስልኩን አስቀምጥና እናትህ ጋ ግባ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትልሃለች። «እሺ» ብለህ እንዳትወጣ፣ ቁጭ በልና ደግመህ ጠይቃት።

የሷ የምስማር ጣሳ የቱ ነው? ታውቀዋለህ?