ባለድሪዋ እንቁራሪት

መጠጥ ትቶ የከረመ ሰው ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ሊያመሽ ሲነሳ፣ ከአጠገቡ ያለ ሰው ቀስ ብሎ የሚወረውራት አባባል አለች። ሲሏት ይስቃሉ። እኔም እስቅ ነበር። መነሻዋን ከወይዘሮ አስካለ ከሰማሁ ወዲህ ግን ሳቁ አልመጣልህ ብሎኛል። እሳቸው ነገሩ የተፈጸመበት ቤት ጎረቤት ነበሩ።

የሆነው ኮረሪማ በሚለቀምበት ደን ዳር ነው። ይርዳው የሚባል ሰው ከደጋ መጥቶ፣ እዚያ ጎጆ ቀልሶ ከሚስቱ ከጥሩወርቅና ከልጃቸው ከእልፍነሽ ጋር ይኖር ነበር። ከእልፍነሽ በፊት የወለዷቸውን ሁለቱን ቀብረዋል። እሷ ስታስነጥስ አባትም እናትም እኩል ነበር "ይማርሽ" የሚሏት።

በዚያ ደን ውስጥ ባለድሪ የሚሏት እንቁራሪት ትገኛለች። ከአውራ ጣት አትበልጥም። ጀርባዋ እንደ በሰለ ኮረሪማ ቀይ ሲሆን፣ አንገቷ ላይ ድሪ ያሰረች የሚያስመስላት ቢጫ መስመር አላት። በእሷ የተነሳ ለቃሚዎች ቅጠሉን በዱላ ሳይነካኩ እጃቸውን አይሰዱም። አፉን ያሳረፈባት ውሻ ቤቱ አይደርስም። ግን ደግሞ ስጦታ አላት፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ገና ፀሐዩ ሳይጠፋ ትጮኻለች።

ይርዳውን ያማለለው ይኸው ጩኸት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሌን ላይ ያሰጣውን ኮረሪማ ዝናብ ድንገት እየመጣ አሻግቶበታል። አንድ ቀን እጁን በቅጠል ጠቅልሎ አንዷን ያዘና ቅል ውስጥ ከቷት ሲመለስ፣ የአገሩ ተወላጅ የሆኑት ቀፎ ሰቃዩ አባ አዴሎ መንገድ ላይ አገኙት።

"ምን ይዘሃል?"

"የዝናብ ደወል!"

ሽማግሌው ወደ ቅሉ አጎንብሰው አዩና ቀና አሉ። "ልጄ፣ ይህቺ የደን ናት። አንተ ያለችህ ደግሞ አንዲት ልጅ ናት።"

"ምን ችግር አለ አባ፣ እከድናታለሁ።"

"ልጅ ባለበት ቤት ምን ክዳን አለ?"

ይርዳው ስቆ አለፈ። አፉ የተሰበረ ጋን ጓሮ አስቀምጦ፣ ውኃና ድንጋይ አግብቶ፣ በወንፊት ከደናት። ዝንብ እየያዙ ይሰጧት ጀመር። እውነትም ጮኸች፤ ኮረሪማው ሳይረጥብ ተሰበሰበ።

ወራት ሲያልፉ ቅላቷ እየፈዘዘ ጭቃ መሰለች። አንድ ጠዋት ጥሩወርቅ ወደ ጓሮ ብትወጣ፣ እልፍነሽ እንቁራሪቷን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ጉንጯን አስጠግታለች። እሪ አለች እናት። በአመድ አጠቧት። ሲጸልዩና ትንፋሿን ሲያዳምጡ ነጋ። ልጅቱ ግን ምንም አልሆነችም፤ ተነስታ ቁርስ ጠየቀች።

ከዚያ ወዲያ ይርዳውን ማን ይቻለው! አባ አዴሎን ባገኛቸው ቁጥር፣ "አባ፣ መርዟን ማን ሰረቃት?" ይላቸዋል።

"እኔ እንጃ። ደግሞ የማላውቀውን ነገር እፈራለሁ" ይሉታል።

ሰፈርተኛው በሰው እጅ ገራች አለ። "ኃጢአቴን ልናገር፣ እኔም ዳብሻታለሁ" ብለውኛል ወይዘሮ አስካለ። እልፍነሽ ስም አወጣችላት፤ "ሙሽራዬ" እያለች በየጠዋቱ ትስማት ነበር።

በዓመቱ ለቀማው ሲደርስ እንቁራሪቷ ዝም አለች። ሁለት ዝናብ ሳትናገር መጣ፤ የኮረሪማው እኩሌታ ሻገተ።

"አርጅታ ይሆናል" አለች ጥሩወርቅ።

"አላረጀችም፣ ምግቡ ሰልችቷት ነው። አንቺን ዓመት ሙሉ ሽሮ ብቻ ቢያበሉሽ ትዘፍኛለሽ?"

"አይ አንተ! ሽሮውስ መቼ ጠገብኩት?"

ተሳሳቁ። በማግስቱ ይርዳው እንቁራሪቷን ወደ ያዘበት ቦታ ሄዶ፣ ደቃቅ ጉንዳን የወረረው የበሰበሰ ግንድ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ጉማጁን ጋኑ ውስጥ ሲያስገባው እንቁራሪቷ ዘላ ወጣችበት። ቀን በቀን ጉንዳኑን ለቀመች። ሳምንት ሳይሞላ ቅላቷ ተመለሰ፤ ድሪዋ አበራ። በአሥረኛው ቀን ጠራራ ፀሐይ ላይ ጮኸች።

"ደወሌ ድናለች!" ይርዳው መንደሩ እስኪሰማ ጮኸ። ባልና ሚስት ሰሌኑን ለማንሳት ሮጡ። እልፍነሽም በደስታ ሙሽራዋን አውጥታ፣ እንደ ወትሮዋ ሳመቻት።

ዝናቡ ሲወርድ ኮረሪማው ቤት ገብቶ ነበር። ልጅቱ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች።

"እማዬ፣ ከንፈሬ ጠፋኝ።"

ወተት አጠጧት፤ አልወርድ አላት። ጠበል ረጯት። ይርዳው አዝሏት ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠ፤ ግን ሲደርስ ያ ዝናብ ወንዙን ሞልቶት ጠበቀው። ዳር ቆሞ ውኃው እስኪጎድል ሲጠብቅ፣ በጀርባው ላይ ቀዘቀዘችበት።

ከቀብር መልስ አባ አዴሎ መጡ። ለቀስተኛው፣ "ነግሬህ ነበር ሊሉት ነው" ብሎ አንገቱን ደፋ። ይርዳው ግን ቀደማቸው።

"አባ፣ ዓመት ሙሉ ስማታለች! ዓመት ሙሉ! ታዲያ ዛሬ ምን አገኛት?"

ሽማግሌው ወደ ጓሮ ሄዱ። ወንፊቱን በዱላቸው ገፍተው ወደ ጋኑ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አዩ።

"ይህን ግንድ ማን አመጣው?"

"እኔ። ርቧት መስሎኝ።"

"ይህን ጉንዳን የበላ ወፍ እኛ አንበላም፤ ሥጋው ይገድላል" አሉ አባ አዴሎ፣ ድምፃቸው እየደከመ። "ለካስ እሷም መርዟን የምትቀዳው ከዚህ ኖሯል። እኔ ሽማግሌው እንኳ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።"

ይርዳው እግራቸው ላይ ወደቀ። "ይፍረዱብኝ አባ! በእጄ ነው ያበላኋት!"

"ፍርድ የእግዜር ነው" አሉና ጎንበስ ብለው አነሱት። ወይዘሮ አስካለና ለቀስተኛው ሁሉ ቆመው ይሰማሉ። ሽማግሌው ክንዱን ሳይለቁ፣ ቀይዋን ፍጥረት እያዩ፣ "ለማዳ ናት ያሏት እንቁራሪት፣ ወዮ ዱሯን የቀመሰች ዕለት" አሉ።