ሳይነገረው የተለወጠው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ አምስት ጥማድ በሬ ያለው፣ ጎተራው የማይጎድል፣ በመንደሩም የገና ጨዋታ አለቃ የሆነ።

ይህን የምነግርህ ስለ ጠየቅኸኝ ነው። «የኔታ፣ ተጫዋቹን ላሰናብተው ወይስ ላቆየው?» ብለሃል። እኔ ፊደል አስቆጠርሁህ እንጂ ኳስ አላስተማርሁህም። ሰው አድጎ የቡድን አሠልጣኝ ሲሆን ለምን ወደ ፊደል መምህሩ እንደሚመጣም አይገባኝም። ስለ ገና ግን ትንሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ወረቀትህን አጥፈህ አስቀምጥና ስማኝ።

በዚያ አገር ወንዝ የሚለያቸው ሁለት መንደሮች ነበሩ። በየዓመቱ በልደት ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወንዙ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ገና ይጫወታሉ። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ከወይራ ይቆርጣሉ፤ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር እየመቱ ወደ ባላጋራቸው ግብ ይነዷታል። ተራ ጨዋታ እንዳይመስልህ። የተሸነፈ መንደር ዓመቱን ሙሉ ጨው የሚገዛው አንገቱን ደፍቶ ነው።

ስለዚህ አለቆቹ ተጫዋች የሚይዙት በውል ነበር። በኅዳር ሚካኤል ሁለት ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ተጫዋቹ «ሦስት ገና እጫወትልሃለሁ» ይላል፤ አለቃው «በየዓመቱ ይህን ያህል ቀን በበሬዎቼ አርስልሃለሁ» ይላል። መሬት ኖሮት በሬ የሌለው ሰው፣ እህል ኖሮት ጥርስ እንደሌለው ነው። ለአንዳንዱ ተጫዋች ያ እርሻ የልጆቹ ጉርስ ነበር። ሀብታሙም ቢሆን በሬዎቹን ለራሱ ማሳ ይፈልጋቸዋል፤ ለተጫዋቾቹ ሁሉ ሊያካፍል የሚችለው በዓመት ስልሳ ቀን ብቻ ነው። ለአንዱ ከጨመረ ከሌላው መቀነሱ ነው። አንተ በደመወዝ የምታደርገውን እሱ በእርሻ ቀን ያደርገው ነበር ማለት ነው።

ከተጫዋቾቹ መካከል አንድ ድሃ ገበሬ ነበረ። ዐሥራ አንድ ገና ከኋላ ቆሞ ተከላክሏል። ሩሯ ወደ ግባቸው ስትመጣ የሚመልሳት እሱ ነው። ግብ አግብቶ ስለማያውቅ በዘፈን ስሙ ተነሥቶ አያውቅም። በጨዋታው ዕለት ከሁሉ ቀድሞ ይመጣና የሚያደናቅፈውን ድንጋይ ከሜዳው ይለቅማል። ውሉ በዓመት ዐሥር ቀን ሲሆን አንድ ገና ይቀረዋል። ነገር ግን ዕድሜው እየገፋ ነው፤ ባለፈው ክረምት ደግሞ ጉልበቱ አብጦ ከርሟል።

ወንዙ ማዶ በዚያው ጊዜ አንድ አጥቂ ተነሣ። ጎረምሳ ነው፤ ሩሯን ሲመታ ዱላው አይታይም ይሉታል። የማዶው አለቃ ንብ አንቢ ነበረ፤ አጥቂ በዝቶበት ተከላካይ አጥቷል። አንድ ቀን ሀብታሙን ገበያ ላይ ጠጋ ብሎ፣ «ከኋላ የሚቆመውን ሰውህን ስጠኝና ጎረምሳውን ውሰድ። የሰውህን ዐሥር ቀን እኔ እችላለሁ። ጎረምሳው ግን ዐሥራ አራት ነው የሚጠይቀው፤ እወቀው» አለው።

ሀብታሙ ቤቱ ገብቶ ስልሳ ፍሬ ሽምብራ ቆጥሮ ሰፌድ ላይ ዘረገፈ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ድርሻውን ለየ። የድሃውን ዐሥር አነሣ፤ ለአጥቂው ዐሥራ አራት አኖረ። አራት ጎደለው። ውላቸው ካለቀ ሁለት ሰዎች ሁለት ሁለት ፍሬ ቀነሰና ሞላው። ደስ አለው።

ሚስቱ እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ጥጥ ትባዝት ነበር።

«ሰውዬው ሰምቷል?» አለችው።

«እነግረዋለሁ።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኘው የለ?»

እዚህ ላይ እንዳትስት። ሒሳቡ ኃጢአት አልነበረበትም። አለቃ ከአለቃ ጋር ተስማምቶ ሰው መለዋወጡ በዚያ አገር የተለመደ ነው። ጉልበት ያረጃል፤ አሮጌው ለአዲሱ ይለቃል። ይህን እኔም አልነቅፈውም።

ቅዳሜ ደረሰ። ድሃው ገበሬ ሀብታሙን ገበያ ውስጥ ከሩቅ አይቶት ሮጦ መጣ። «ጌታዬ፣ ጉልበቴ እኮ ዳነልኝ! አክስቴ በቅቤ ስታሸኝ ከርማ፣ ይኸው!» ብሎ በበርበሬ ሻጮቹ መካከል ቁጢጥ ብድግ አለለት። ሀብታሙ ሊነግረው የከፈተውን አፉን «እሰይ፣ እሰይ!» ብሎ ዘጋው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተገናኙ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም ብሎ ተወው። በሳምንቱ ጎረቤቱን ላከበት። ጎረቤቱ ሄደ፣ የድሃውን ጠላ ጠጣ፣ የልጆቹን ደኅንነት ጠየቀ፣ ተመልሶም «እንዴት ብዬ? አንተው ራስህ ንገረው እንጂ» አለው። ነገ ዛሬ ሲል ጾሙ ተጋመሰ።

ወሬ ግን ማንንም አይጠብቅም። ንብ አንቢው ለራሱ ሰዎች ነገረ፤ እነሱ ለአማቾቻቸው ነገሩ። የድሃው ሚስት ውኃ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጡ ጀመር። አብረውት ዐሥራ አንድ ገና የተጫወቱት ሰዎች ሁሉ አወቁ። እያንዳንዱም «ባለ ጉዳዩ ይንገረው፤ እኔ ምን አግብቶኝ» አለ። መንደሩ በሙሉ የድሃውን ጉዳይ ያውቅ ነበር፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ይሉኝታ ይዞት ነው ትለኝ ይሆናል። ይሉኝታ መልካም ነው፤ ሰው ሆኖ ይሉኝታ የሌለው አያድርስ ነው። የዚህ ሰው ግን የሌላውን ልብ ለመጠበቅ አልነበረም። የሌላውን ፊት ላለማየት ነው። ፈሪ ነበረ፤ ፍርሃቱን ይሉኝታ አለው።

የልደት ቀን ሆነ። ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ሜዳው ደረሰ። ድሃው ገበሬ ቀድሞ መጥቶ ድንጋዩን ለቅሞ ጨርሷል። ዱላውን አዲስ ቅቤ ቀብቶታል። ከጓደኞቹ በስተኋላ፣ ግቡ ፊት፣ የዘወትር ቦታው ላይ ቆመ።

ከማዶ ሰዎች መካከል ንብ አንቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ምን ትሠራለህ እዚያ? ቦታህ እኮ እዚህ ነው!» አለው።

ድሃው የገና ፌዝ መሰለው። «ሩሯን ከመለስሁብህ በኋላ ቦታዬን ታውቀዋለህ!» ብሎ ሳቀ። ከት ብሎ ነው የሳቀው። ከጎኑ ያሉት እንዲያጅቡት ዞር አለ። አንዱ ዱላውን ያያል። አንዱ ሰማዩን ያያል። ሁለቱ ሜዳ ላይ የሌለ ነገር ይፈልጋሉ። ብቻውን ሳቀ፤ ሳቁም አፉ ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ወደ ሀብታሙ ተመለከተ። ሀብታሙ ጎንበስ ብሎ መቀነቱን ያስር ነበር። መቀነቱ የታሰረ ነው። ፈታውና እንደገና አሰረው፤ ቀና አላለም።

ድሃው ገባው። ወደ ንብ አንቢው ዞሮ «እርሻውስ?» አለ። ከዚህ ሌላ የጠየቀው የለም።

«በእኔ ላይ ነው። ዐሥሩም ቀን» አለው ንብ አንቢው። እሱም የተረዳው አሁን ነው፤ «እኔ እኮ የነገሩህ መስሎኝ ነው፣ ወንድሜ» ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ድሃው ዱላውን ይዞ ሜዳውን አቋረጠ። ከዳር እስከ ዳር ሁለት መንደር ቆሞ ያየዋል። ያን ያህል ሰው እያየው ያን ያህል ሜዳ የተሻገረ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሀብታሙ አሁንም መቀነቱን ይነካካል። ጆሮው ግሎ ቀልቷል።

ተጫወቱ። ማን አሸነፈ ብትለኝ ሀብታሙ አሸነፈ። ይህን አልደብቅህም። ጎረምሳው ሦስት ግብ አገባ። ድሃው ገበሬ በማዶዎቹ ግብ ፊት ቆሞ የቻለውን ያህል መለሰ፤ አላዳላም፣ አልለገመም፣ ሰው አልመታም። ጉልበቱ ግን እውነትም አልዳነም ነበር። የሽምብራው ሒሳብ ልክ ነው። ሀብታሙ ስለተሸነፈ ተቀጣ ብዬ ብነግርህ አንተም ነገሩን እንደ ግብ ቆጠራ ትይዘዋለህ፤ እኔም ዋሽቼ እገኛለሁ።

ከጨዋታው በኋላ ዘፈንና ስድብ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲባል ሰምተሃል። በዚያች ዕለት ሎሌ ጌታውን፣ ድሃ ሀብታሙን ያሻውን ብሎ ቢሰድብ አይጠየቅበትም። የማዶ ሰዎች ድሃውን ገፋ ገፋ አድርገው ወደ ፊት አወጡት። «በል አውርድበት! ዛሬ ካልሆነ መቼ ትናገራለህ?» አሉት። ሕዝቡ ክብ ሠራ።

ሀብታሙም ፊቱ ቆመ። እውነቱን ልንገርህ፣ ስድቡን ተመኝቶት ነበር። ስግብግብ ይበለኝ፣ ከሃዲ ይበለኝ፣ ሕዝቡ ይሳቅብኝና እኔም አብሬ ልሳቅ፣ ነገሩ እዚህ ይለቅ አለ በልቡ። ለዚህ ብሎ ራሱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀ።

ድሃው ዱላውን መሬት ላይ አስተኛ።

«ጌታዬ» አለው፣ «ብትነግረኝ ኖሮ እኔው ራሴ እሄድልህ ነበር።»

ከዚያም እንደ ወትሮው እጅ ነሥቶት ሄደ።

ሀብታሙ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለ። አሸናፊዎቹ አንድ ስንኝ እንኳ ሳያወጡ ተበተኑ። እነሱም አፍረዋል፤ ማፈራቸውም ይገባል። የገዛ ሚስቱ ያን ዕለት ምሳ አቅርባለት «በል ብላ» ከማለት በቀር አላነጋገረችውም።

በዓመቱ ልደት ተመልሶ መጣ። ሀብታሙ ሜዳው ሲደርስ ተጫዋቾቹ እንደ ልማዳቸው በእሱ በኩል አልተሰለፉም። ሁሉም በሜዳው መካከል፣ ከሁለቱም ወገን ሳይሆኑ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ምን ሆናችሁ አላቸው። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው፣ ያለ ቁጣ፣ «የማን እንደሆንን እስክትነግረን ነው፣ ጌታዬ» አለው። ጎረምሳው አጥቂ እንኳ አብሮ ቆሟል። ሀብታሙ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ «አንተ የእኔ ነህ» ማለት ነበረበት፤ የተጠራውም አንድ አንድ እያለ ይመጣለታል። የማዶ ሰዎች ያያሉ። በድሃው ገበሬ ቦታ የተተካው አዲሱ ተከላካይ ሲጠራ ሁለት ጊዜ «እኔን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ሦስት ገና አለፈ። በአራተኛው አለቅነቱን ለሌላ ሰጥቶ ቤቱ ዋለ።

ምሳሌው ይኸው ነው፣ ልጄ። ሀብታሙ ሰው አንተ ነህ። ሰፌዱ ያ ያጠፍኸው ወረቀት ነው። ድሃው ገበሬ ማን እንደሆነ አንተው ነግረኸኛል፤ ዘውዱ ነው። ስለ ጉልበቱ ነገርኸኝ፤ ውሉ አንድ ዓመት እንደሚቀረው ነገርኸኝ፤ በለውጥ ስለሚመጣው ስለ ክንፍ ተጫዋቹም ነገርኸኝ። ላሰናብተው ወይስ ላቆየው አልኸኝ። እኔ የሰው እግር መመዘን አልችልም፤ እሱ የአንተ ሙያ ነው፣ የመሰለህን አድርግ። ነገር ግን ስትጨርስ «ዝርዝሩ ሰኞ ቢሮው በር ላይ ይለጠፋል» አልኸኝ። ዘውዱ ከጓደኞቹ መካከል ቆሞ ስሙን ፈልጎ ሲያጣ ያን ጊዜ ይረዳዋል ማለትህ ነው።

ለመሆኑ ማን ማን ያውቃል? ቁጠርልኝ። ሊቀመንበሩ፣ እሺ። የሌላው ከተማ አሠልጣኝ፣ እሱማ ግድ ነው። ወጌሻው። ጸሐፊዋ። ሾፌሩም? ሾፌሩ ደግሞ ምን አገባው! ባለቤትህ። እንግዲህ የእሷ ጎረቤቶችም።

አሁን ደግሞ እኔ ተጨመርሁ። ይህን ሰው በመንገድ ባገኘው አላውቀውም፤ ልጅ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። በሚመጣው ዓመት ግን እንጀራውን በየት አገር እንደሚበላ ከእሱ በፊት አውቄ ተቀምጫለሁ። በዚህ ዕድሜዬ የማላውቀውን ሰው አሳፍሬ ተገኘሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ለምን አሰማኸኝ?

ተው፣ ስልኩን ወደ ኪስህ መልሰው። የዘውዱን ቤት ታውቀዋለህ፤ ሂድ።