ያልተጠየቀው ግማሽ ቃል

«የኔታ፣ እኔ እኮ መዝገበ በተናገረው ላይ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም። ታዲያ ምን በደልኩ?» ሲል ክንፈ ሚካኤል መምህሩን ጠየቃቸው። የኔታም እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ ደብተራ ነበረ። ዘመኑ ነገሥታት በድንኳን ከአገር አገር የሚዘዋወሩበት ነበር። የንጉሡ ጭፍሮች በደብተራው አገር ሰፍረው የገበሬውን የእርሻ በሬ አርደው በሉ። የደብሩ ቄስ ይህን አይተው በእሑድ ስብከታቸው፣ «ንጉሡ ይህን ግፍ ካልተወ እግዚአብሔር ከዙፋኑ ያውርደው፤ ከተመለሰ ግን ዕድሜውን ያርዝምልን፤ እኔም ሌት ተቀን እጸልይለታለሁ» አሉ።

ነገሩ ከንጉሡ ጆሮ ደረሰ። ቄሱ በንጉሥ ላይ በማመፅ ተከሰው ታሰሩ፤ ደብተራውም ለምስክርነት ተጠራ። ቄሱን ይወዳቸዋል፤ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ነበሩ። ዳኛው ግን ፊቱን አጥቁሮ፣ «ንጉሡን ከዙፋኑ ያውርደው ብለዋል ወይስ አላሉም?» ሲል ጠየቀው።

«ብለዋል» አለ።

ቄሱ የቀረውን ይናገር እንደሆነ ቀና ብለው አዩት። እሱ መሬት መሬት አየ። በማግስቱ እንዲሰቀሉ ተፈረደባቸው።

ደብተራው ቤቱ ገብቶ የመሰከረውን ለሚስቱ ነገራት። እሷም፣ «ሌላውንስ አልነገርካቸውም?» አለችው።

«አልጠየቁኝማ።»

«ታዲያ አንተ አፍ የለህም?»

ጎሕ ሲቀድ እንደ ምሕረት ለማኝ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ የንጉሡ ድንኳን ደጅ ላይ ወደቀና «አቤት! አቤት!» እያለ ጮኸ። አስገቡት። ዳኛው፣ «ትናንት ያልከው ሐሰት ነበር?» ብሎ አፈጠጠበት።

«እውነት ነበር፤ ግን ፈርቼ ግማሹን ዋጥኩት» አለና ሙሉውን ተናገረ።

 ንጉሡም፣ «ዕድሜዬን የለመነልኝን ሰው ልሰቅል ነበር?» አሉ። ስቅላቱ ቀርቶ ቄሱ ወደ ሩቅ ገዳም እንዲሄዱ ተፈረደ። ምስክርነቱን ያጎደለው ደብተራም አርባ ጅራፍ ተገረፈ። የበሬው ነገር ግን በዚያ ቀን አልተነሣም።

ቄሱ ከመሄዳቸው በፊት እቤቱ ገብተው የቆሰለ ጀርባውን ለብ ባለ ውሃ አጠቡለት። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ቀረ። «ልጄ፣ ትናንት ልታየኝ አፈርክ» አሉት። «ዛሬ ቀና ብለህ እየኝ።» ዞሮ አያቸው፤ ሁለቱም አለቀሱ።

የኔታ ይህን ተናግረው ወደ ክንፈ ሚካኤል ዞሩ።

«አንተም እንደዚያ ደብተራ ነህ። ጓደኛህ መዝገበ ‹አበምኔቱ አድልተዋል› ማለቱን ለራሳቸው ለአበምኔቱ ነገርካቸው፤ ‹ግን አባቴ ናቸውና ቀርቤ እጠይቃቸዋለሁ› ማለቱን ዋጥከው። አልጨመርክም፤ ይህስ እውነት ነው። የቀነስከው ግን ፍቅሩን ነው፤ ያለሱ ቃሉ የጠላት ቃል ሆነ። መዝገበ ከገዳሙ ውጣ ተብሎ ጓዙን እየሸከፈ ነው። በአንተ ላይ ጅራፍ ያነሣ የለም፤ የሚጠብቅህ ማፈር ብቻ ነው። አበምኔቱ አሁን ከቅዳሴ ወጥተዋል። ሂድ፣ ሳይጠይቁህ ንገራቸው።»