የሐዘንተኛዋ ቅል

አክስቴ የሻረግ ስልክ እንደኛው ትይዛለች፤ እንደኛ ግን ያየችውን ሁሉ አታምንም። እርዱኝ እያለ የሚያለቅስ ሰው ቪዲዮ ባሳየኋት ቁጥር እንባዋን ትጠርግና «በል ስንደዶ ስደድበት» ትለኛለች። ስንደዶ ሴቶች ስፌት የሚሰፉበት ሣር ነው፤ ከስልክ ምን እንዳገናኘው የገባኝ ይህን ካወራችልኝ በኋላ ነው።

በእናቷ አገር ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ቅቤ ሲገዙ ጠጉራቸው ላይ የሰኩትን ስንደዶ መዘው ቅቤው እስካለበት ቅል ሥር ድረስ ይሰዱና ጫፉን ያሸታሉ። ላዩን ለጋ፣ ሥሩን ሌላ አድርጎ የሚሸጥ ሁሉ እሳቸውን ሲያይ ቅሉን ይከድን ነበር።

ልጃቸው ብርቄ በአማቶቿ ቤት የበኩር ልጇን ወለደች። የገንፎው ቅቤ የእናት ድርሻ ነውና አስካለ ገበያ ወጡ። አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ቅል ታቅፋ ተቀምጣለች።

«የማን ሐዘን ነው?» አሏት።

«የባሌ ነው። ለተዝካሩ እህል ልሸምትበት ብዬ ነው የምሸጠው።»

የአስካለ እጅ ወደ ጠጉራቸው ሄዶ ተመለሰ። ሐዘንተኛ መጠርጠር ነውር መሰላቸው። ላዩን ብቻ ቀምሰው፣ «እግዜር ያጽናሽ» ብለው ገዙ።

በማግስቱ ቅቤውን ይዘው አራሷ ቤት ሄዱ፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ቅቤው ተጣደ። ላዩ ቀለጠ፤ የቀረው ግን አልቀልጥ ብሎ ጠቆረ፣ ቤቱም ከሥሩ የተለወሰበት ሙዝ አርሮ ሸተተ። አማቲቱ ድስቱን አወረዱ። ብርቄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በእናቷ ስጦታ እንዲህ ካፈረች በዚያ ቤት እንዴት ቀና ብላ ትኖራለች?

«ስንደዶዎ የት ነበር?» አሉ አማቲቱ ወደ አስካለ ዞረው።

«ጠጉሬ ላይ ነበር። ሐዘንተኛ ናት ብዬ አፈርኩ።»

«ያቺ ጥቁር የለበሰችው?» አለች አንዲት ጎረቤት። «ባሏ እኮ ትናንት እዚያው ገበያ በሬ ሲያማርጥ ነበር።»

የሳቀ አልነበረም። አስካለ አንገታቸውን ደፍተው «ሁለተኛ ለጥቁር ልብስ አላዝንም» አሉ።

ይሄን ጊዜ ጥግ ይዘው የተቀመጡት አሮጊቷ መነኩሲት፣ የአማቲቱ አክስት እማሆይ ጽጌ፣ መሬቱን በመቋሚያቸው መታ አደረጉ።

«ይሄስ ከቅቤው የባሰ ኪሳራ ነው» አሉ። «ነገ ባሏ በእውነት የሞተባት ስትመጣ ምን ልትሆን ነው? በሉ ለብርቄ ከጓዳ ቅቤ አውጡላት፤ እናቷ ያፈረችው በደግነቷ ነው፣ በዚህ ቤት ማንም እንዳያነሳው። አንቺም አስካለ ልጄ፣ ከሐዘንተኛ ጋር አልቅሺ፤ ቅሉን ግን በስንደዶ ውጊው።»